ሁርሶ ደርሶ መልስ

ሐሙስ ጠዋት ስምረት እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣች። ቧንቧው ውኃ ይዞ እንደሆነ አየች፤ ይዟል። ሁለት ጀሪካን ሞላች። ግቢውን ጠረገች፤ የኒሙ ዛፍ ሌሊቱን ያረገፈውን ቅጠል አንድ ጥግ ላይ ሰበሰበች። ከዛፉ ሥር ያለውን፣ የሞተር ዘይት ያጠቆረውን መሬት ግን እንደ ሁልጊዜው ዙሪያውን ጠርጋ አለፈችው። ለአማቷ ለወይዘሮ ማዘንጊያ ሻይ በወተት አፈላች፤ የደም ግፊት ክኒናቸውን ማንኪያ ላይ አድርጋ አቀረበችላቸው። ራሷ ከማዕዘኑ ምግብ ቤት የመጣውን በእንቁላል የተጋገረ ፈጢራ ቆማ በላች። የድሬ ዳዋው ከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ገና ሳያጥር ቦርሳዋን አንስታ ለመውጣት ተዘጋጀች።

«ቅዳሜ ነው» አሉ ወይዘሮ ማዘንጊያ፣ መስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበራቸው።

«አውቃለሁ እማማ።»

«መኪና አገኘሽ?»

«ዛሬ አገኛለሁ።»

«ትናንትም ዛሬ ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ የስምረት ባል የበዛብህ ሁለተኛ ሙት ዓመት ነው። በዛብህ የተቀበረው ሁርሶ፣ ከአባቱ ጎን ነው፤ አባቱ በባቡሩ ዘመን የሁርሶ ጣቢያ ሹም ነበሩ፤ እሱም እዚያው ተወልዶ፣ መመለሻዬም እዚያው ይሁን ያለ ሰው ነው። የሁርሶው ቄስ ጸሎቱን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚያደርሱ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ ክርስትና ስላለባቸው እንደማይጠብቁ በስልክ ተናግረዋል። ባለፈው ዓመት በዚህ ቀን ወይዘሮ ማዘንጊያ ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጋ ላይ ነበሩ። የልጃቸውን መቃብር ከቀብሩ ቀን ወዲህ አላዩትም። ዘንድሮ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሐኪሙም፣ የንስሐ አባታቸውም፣ የጎረቤት ሴቶችም «ይቅርብዎ» ብለዋቸው ነበር። ለሁሉም የመለሱት መልስ አንድ ነው።

«ለከርሞማ እኔም እዚያው ነኝ። ያኔ ለብቻዬ መኪና ይመጣልኛል፤ እግሬን ዘርግቼ እሄዳለሁ።»

በሚኒባስ መሄድ አይታሰብም። ሚኒባስ ከመናኸሪያ የሚነሣው ሲሞላ ነው፤ ሞላ የሚባለው ደግሞ ረዳቱ ራሱ መግቢያ ሲያጣ ነው። የወይዘሮ ማዘንጊያ ዳሌ እንደ ድሮው አይታጠፍም፤ ፊት ወንበር ላይ እግራቸውን ዘርግተው ካልተቀመጡ በስተቀር ከሰፈር አያልፉም።

ይህ ሁሉ የማያስፈልግበት ጊዜ ነበር። ከኒሙ ሥር፣ ዘይቱ ባጠቆረው መሬት ላይ፣ ለአሥራ አንድ ዓመት አንዲት ፔጆ አራት መቶ አራት ትቆም ነበር። ቀለሟ የቀዘቀዘ ሻይ ይመስላል። በሮቿ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አመል ነበራቸው። የእጅ ፍሬኗ በዛብህ ከገዛት ቀን ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም። በዛብህ መካኒክ ዘንድ ከመሄድ ይልቅ ሁርሶ ሄዶ ከባቡር ሐዲዱ ሥር ዳቦ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ አነሣ፤ ድንጋዩ ከዚያ በኋላ ከፊት ወንበር ሥር መኖር ጀመረ። መኪናዋ በቆመች ቁጥር እግሩን ከፍሬኑ ሳያነሣ «ስምሪ፣ ድንጋይ!» ይላል፤ ስምረት ወርዳ ከኋላ ጎማ ሥር ትወሽቃለች። በማዕረግ ከተመረቀች በኋላ ያገኘችው የመጀመሪያው ቋሚ ሥራ ይህ ነበር።

በዛብህ በሞተ በስምንተኛው ወር መኪናዋን ሸጠቻት። እሷ አትነዳም። ዶሮዎች የኋላ ወንበሩ ላይ እንቁላል መጣል ጀምረው ነበር። ሰዎችም «ባየሽው ቁጥር...» ብለው ይጀምሩና ሳይጨርሱት ይተዉታል፤ ስምረት ደግሞ ያላለቀ ዓረፍተ ነገር አትወድም። ከሐረር የመጣው ገዢ አንድ ጊዜ ዞሯት «ቆርቆሮ ነው» አለ፤ በቆርቆሮ ዋጋም ወሰዳት። ስምረት ቁልፉንና ሊብሬውን ሰጠችው። ድንጋዩንም «ያስፈልግሃል» ብላ አስረከበችው፤ አጉድሎ ማስረከብ ልማዷ አይደለም። ወይዘሮ ማዘንጊያ ያን ቀን በመስኮቱ ሲያዩ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ መኪናዋ አንድም ቀን አላነሡም። ቢናገሩ ይሻል ነበር።

ስምረት የምትሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት ዕቅድና ክትትል ክፍል ነው። ባለፈው ሩብ ዓመት በገዛ እጇ በጻፈችው ሪፖርት መሠረት በከተማዋና በአካባቢዋ የትራንስፖርት አገልግሎት «በዓይነትም በመጠንም ተደራሽ» ሆኗል። ሐሙስ ጠዋት ይህንን ተደራሽ አገልግሎት ፍለጋ ወጣች።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ አለቃዋ ወደ አቶ ዓለምሰገድ ነው። አቶ ዓለምሰገድ ከወንበራቸው ተነሥተው በሁለት እጃቸው ጨበጧት።

«እህት ስምረት፣ ሐዘንሽ ሐዘናችን ነው። መሥሪያ ቤቱ ከጎንሽ ነው።»

«መኪናውስ?»

«የመንግሥት ንብረት ለግል ጉዳይ አይውልም። መመሪያውን ታውቂዋለሽ፤ አንቺው ነሽ የተየብሽው።»

በዚህ መሃል የመሥሪያ ቤቱ ፒካፕ በበሩ ገባ። ሾፌሩ የአቶ ዓለምሰገድን ልጆች ትምህርት ቤት አድርሶ፣ ባለቤታቸውን ደግሞ ከነሽንኩርታቸው ከቀፊራ ገበያ ወደ ቤት መልሶ መምጣቱ ነበር። በፒካፑ ጀርባ ላይ አንድ የተረሳ ጎመን ወዲያ ወዲህ ይንከባለላል።

«የመስክ ሥራ ነው» አሉ አቶ ዓለምሰገድ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ከዚያ ወደ መኪና አከራዩ ድርጅት ሄደች። በሩ ላይ አንድ ነጭ ላንድክሩዘር ባሕር ዳር ቆሞ የሚያሳይ ትልቅ ፎቶ ተለጥፏል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ መኪናውም ባሕሩም ድሬ ዳዋ ውስጥ የሉም። ውስጥ ሱሀይራ የምትባል፣ ሂጃቧን አሳምራ ያሰረች ወጣት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች።

«የየትኛው ድርጅት ነሽ?» አለቻት።

«የቤቴ።»

«ኤን ጂ ኦ ነው?»

«አትራፊስ አይደለም።»

ሱሀይራ ይህንን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችው።

«ለስንት ቀን ነው?»

«ለግማሽ ቀን። ሁርሶ ደርሶ መልስ።»

«ይቻላል። ግን ግማሽ ቀንም የሚታሰበው በሦስት ቀን ነው።»

«ቀሪውን ሁለት ቀን ተኩል ምን ላድርገው?»

«ከፈለግሽ ማቆም ትችያለሽ፤ ችግር የለውም» አለች ሱሀይራ በቸርነት። ከዚያም የሾፌሩን አበልና የነዳጁን ደምራ፣ ወረቀቱን ገልብጣ፣ የወደቀ ፈተና እንደሚያሳይ መምህር ቀስ ብላ ወደ ስምረት ገፋችው። ስምረት ቁጥሩን አየችው። መጀመሪያ የስልክ ቁጥር መስሏት ነበር።

ወጥታ ለራሷና ለአማቷ ባጃጅ ጠየቀች። ባለባጃጁ «ሁርሶ» ሲባል ሳቀ። «እስከ ኬላው ላድርስሽ እናቴ። ከዚያ ወዲያ እኔንም ይመልሱኛል፣ አንቺንም ይመልሱሻል፣ አሮጊቷንም ይመልሷታል።» ግን ክፉ ሰው አልነበረም፤ የባርኸድን ስልክ ሰጣት። ባርኸድ ደላላ ነው፤ ድሬ ውስጥ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ፣ ጋሪም ቢሆን፣ በእሱ እጅ ነው የሚያልፈው ይባላል።

ስህተቷ የደወለችበት ሰዓት ነው። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ድሬ ዳዋ ላይ ፀሐይዋ ብቻ ናት ሥራ ላይ ያለችው። ሰው በየቤቱ፣ በየጥላው፣ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሎ በርጫ ላይ ነው፤ ጫቱ ይቀነጠሳል፣ ዓለም ይስተካከላል። ስምረት ለሃያ ዓመት የኖረችበትን ከተማ ሕግ ረስታ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለች። ባርኸድ ምርቃና ላይ ነበር።

«አባዮ!» አላት፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለቱ ነው፤ ድምፁ ማር ነበር። «መኪና ነው የጠየቅሽኝ? አውሮፕላን ለምን አልጠየቅሽም? ቅዳሜ ጠዋት ላንድክሩዘር በርሽ ላይ ይቆማል። ኤሲ አለው፣ ውኃ አለው። ለአንቺ ገንዘብም አልቀበልም ወላሂ። እንዲያውም ወንድሜ ጅቡቲ ሁለት...»

ስምረት ያን ዕለት እፎይ ብላ አደረች። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለገሀር አጠገብ ወዳለው ሻይ ቤት ሄዳ በአካል ስታገኘው ግን ባርኸድ ጨርሶ አያውቃትም ነበር።

«ትናንት በስልክ ተነጋግረናል» አለችው።

«በስንት ሰዓት?»

«ስምንት ተኩል።»

«ኧረ ተይ አባዮ!» አለ ባርኸድ፣ በእውነት አዝኖላት። «የስምንት ተኩል ወሬ ወሬ ነው እንዴ? ያኔ እኮ ለአንድ ሰውዬ የድንጋይ ወፍጮ በነፃ ሰጥቻለሁ፤ ዛሬ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።» ሻይ አዘዘላት። «አሁን እንነጋገር። መቼ ነው የምትፈልጊው?»

«ነገ ጠዋት።»

«ቅዳሜ? ቅዳሜ ሠርግ ነው እኮ! ድሬ ላይ ቅዳሜ የሚንቀሳቀስ መኪና ሁሉ ሙሽራ ነው የሚጭነው።»

«ጠዋት ብቻ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ሁርሶ መድረስ አለብኝ። በስድስት ሰዓት እመለሳለሁ።»

«ለምንድነው?»

ስምረት የሻዩን ብርጭቆ አዞረችው። በዛብህ ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ የሚጠይቃት ሰው ሲገኝ የምትናገራቸው ሦስት አራት ቃላት አሏት፤ ሁሉም አጫጭር ናቸው፤ አንዳቸውም ለደላላ አይወጡም።

«የቤተሰብ ጉዳይ ነው» አለች።

«ማን ማን ይሄዳል?»

«እኔና አማቴ። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ፊት መቀመጥ አለባቸው።»

«ትልቅ ሰው ፊት» አለ ባርኸድ፣ ራሱን እየነቀነቀ። «የሚጫን ዕቃስ?»

«ሁለት ድፎ ዳቦ። ሌላ የለም። ብቻ እንዳንዘገይ፤ ቄሱ ይጠብቁናል።»

«ቄስም አለ!»

የባርኸድ ፊት በራ። አማት ፊት ወንበር ላይ፣ ድፎ ዳቦ፣ ቄስ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አገር የማይሰማው «የቤተሰብ ጉዳይ»። ይህንን ሁሉ ደምሮ ሌላ ነገር የሚያገኝ ደላላ በከተማው የለም።

«በቃ ገባኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አልጠይቅሽም። እንዲህ ያለ ነገር ሳያልቅ አይወራም፤ የሰው ዓይን አለ።»

«አይወራም» አለች ስምረት። በዚህ ከተማ ውስጥ ምሥጢር የሚገባው ሰው በማግኘቷ ልቧ ተነካ።

«ዒልሚ የሚባል ሰው አለ። ከሰዓት ሙሽራ ያመጣል፤ ጠዋት ነፃ ነው። መኪናው አንቲክ ነው።»

«አንቲክ ማለት?»

«አሮጌ ነው፤ ግን ውድ ነው።»

«አሮጌ ከሆነ ለምን ይወደዳል?»

«ቅርስ ነዋ አባዮ! ሰው ፎቶ ይነሣበታል።» ዋጋውን ነገራት። ከላንድክሩዘሩ በጣም ያንሳል፤ ከወር ደመወዟ ግን ብዙም አያንስም። ቤንዚኑን ዒልሚ ራሱ፣ ወረፋ ሳይሰለፍ፣ ከሰው በሃይላንድ ገዝቶ እንደሚሞላ ባርኸድ እንደ ትልቅ ውለታ ጨመረላት። ስምረት ከዚያ በላይ የምትፈልግበት ቀን አልነበራትም። እሺ ብላ ከፈለች።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወይዘሮ ማዘንጊያ የነጠላቸውን ጥለት አዘቅዝቀው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ዳቦዎቹ በመሶብ ወርቅ ተሸፍነው፣ ሁሉም ነገር ዝግጁ ነበር። ስምረት ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ የግቢውን በር ከፈተች።

መጀመሪያ የመጣው ጥሩምባው ነው። ጲ ጲ ጲጵ፣ ጲ ጲ ጲጵ እያለ፣ ሠርገኛ እንደሚመታው፣ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። ቀጥሎ መኪናው ታየ። ነጭ ነው፤ ያብረቀርቃል። ከኮፈኑ እስከ ኋላ ሮዝ ሪባን ተወጥሮበታል፤ አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተደፍቶበታል፤ የኋላ መስተዋቱ ላይ ሁለት ልቦች በፍላጻ ተወግተዋል። በሩ ክፍት ስለነበር ሾፌሩ ቀጥ ብሎ ገብቶ ግቢው ውስጥ ያለችውን አንዲት ጥላ፣ የኒሙን ሥር፣ መርጦ ቆመ። ጎረቤት ያሉ ሴቶች በአጥር ላይ ብቅ አሉ። አንዷ ነገሩን ሳታጣራ እልል አለች።

ዒልሚ ስልሳ የሚጠጋው፣ ጢሙን ሂና የቀባ፣ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰው ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ ወርዶ እጁን ዘረጋ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! የልጁ እናት አንቺ ነሽ?» አለና ጥቁር ቀሚሷን ከላይ እስከ ታች አየው። «አባዮ፣ እንዲህ ለብሰሽ ነው ልጅ የምትጠይቂው? እምቢ ይሉሻል እኮ!»

«የምን ልጅ?»

«የሰው ልጅ ነዋ። ሽምግልና እየሄዳችሁ አይደለም? ባርኸድ የቤተሰብ ጉዳይ ነው አለኝ።»

«ነው።»

«ትልቅ ሰው አለ፣ ዳቦ አለ፣ ቄስ አለ አለኝ።»

«አሉ።»

«እና?»

ስምረት አጥሩን አየች። እልል ያለችው ሴት ለሁለተኛው አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ሰዓቱ ለሁለት ሩብ ጉዳይ ነው። አጭሩ ቃል አለቀባት፤ «የቤተሰብ ጉዳይ» ከሪባኑ ጋር መኪናው ላይ ታስሯል።

«ባሌ ሞቷል» አለች። «ዛሬ ሁለት ዓመቱ ነው። መቃብሩ ሁርሶ ነው። እናቱን ልወስዳቸው ነው።»

አራት ዓረፍተ ነገር። ድምጿ ሪፖርት የምታነብበት ድምፅ ነበር።

ዒልሚ የዘረጋውን እጅ ደረቱ ላይ አደረገው። «ኢና ሊላሂ» አለ ቀስ ብሎ። ሄዶም ሞተሩን አጠፋ። ሲመለስ ዓይኗን ማየት አልቻለም። «ወላሂ አዝኛለሁ። ግን ይሄ የሠርግ መኪና ነው። ከሰዓት ሙሽራ አለኝ። ጠዋት መቃብር ሄዶ ከሰዓት ሙሽራ የጫነ... የልጅቷ እናት ብትሰማ ከዛሬ በኋላ ማን ይቀጥረኛል? በዚህ አገር ደግሞ የማይሰማ ነገር የለም።» ወደ አጥሩ በአገጩ ጠቆመ። «ገንዘብሽን አሁኑኑ እመልሳለሁ።»

«ገንዘቡን አልፈልግም። የምፈልገው መድረስ ነው።»

«ገብቶኛል። ግን...»

«መጣ?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ወይዘሮ ማዘንጊያ ማንም ሳይደግፋቸው፣ በከዘራቸው እየተመረኮዙ፣ ሦስቱን ደረጃ ወርደው ግቢው መሃል ደርሰዋል። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ አበባውንም ሪባኑንም እንደ አንድ ደማቅ ነገር ነው የሚያዩት።

«እማማ፣ ትንሽ ችግር...»

«ስንሄድ ታወሪኛለሽ። ቄሱ አይጠብቁም።»

ዒልሚ አሮጊት ፀሐይ ላይ አቁሞ ወደ ቤትሽ ተመለሺ የሚል አንጀት አልነበረውም። «እስኪ እኛ እስክንነጋገር ሆዮ ትቀመጥ» አለ፤ ሆዮ እናት ማለት ነው፤ በድሬ አንቱታ ከባቡሩ ጋር አብሮ ስለሄደ ወይዘሮ ማዘንጊያ አንቺ መባልን ከለመዱት ብዙ ዓመት አልፏቸዋል። የፊተኛውን በር ሳበው። አልተከፈተም። እንደገና ሳበው። «ይቺ በር ደግሞ... ሁሉን አሠርቻለሁ፣ ይቺ ብቻ አቃተችኝ...»

«ወደ ላይ ብድግ አድርገህ ሳባት» አሉ ወይዘሮ ማዘንጊያ።

ዒልሚ ወደ ላይ ብድግ አድርጎ ሳባት። ተከፈተች።

«እንዴት አወቅሽ ሆዮ?»

«ልጄ ነው ያጣመማት። ሳይዘጋት ወደ ኋላ ነድቶ ከዚህ ጋር አላተማት።» በከዘራቸው የኒሙን ግንድ ነኩት። ከወገብ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በበሩ ቁመት ልክ፣ ቅርፊቱ ተልጦ የዳነበት ጠባሳ ነበር።

ስምረት ያን ጊዜ ነው መኪናውን ያየችው። እስካሁን ስታይ የነበረው ሪባኑን ነው። ቀለሙ አዲስ ነው። ወንበሩ አዲስ ቆዳ ለብሷል። ከበሩ ጠርዝ ላይ ግን፣ አዲሱ ነጭ ቀለም የተላጠበት አንድ ጥፍር የሚያክል ቦታ ላይ፣ የቀዘቀዘ ሻይ ቀለም ይታያል። እነሱ ሲነዱት አሮጌ ነበር፤ ስትሸጠው ቆርቆሮ ሆነ፤ ስትከራየው ደግሞ ቅርስ። አንድ ዕቃ በዚህ ሁሉ ማዕረግ ሲያልፍ እሱ ራሱ ካለበት ፈቅ አላለም፤ ዛሬም ዘይቱ ያጠቆረው መሬት ላይ ነው የቆመው።

ዒልሚ ጠባሳውን አየ፣ በሩን አየ፣ ከጎማው ሥር ያለውን ጥቁር መሬት አየ።

«የማን ነበር?» አለ።

«ሁርሶ ያለው ሰውዬ» አሉ ወይዘሮ ማዘንጊያ፣ እግራቸውን እያስገቡ።

ዒልሚ የሂና ጢሙን እያሸ ቆየ። የሚያስበው ስለ ሙሽራዋ እናት እንደነበር ግልጽ ነው፤ ቀስ በቀስ ግን ፊቱ ተፈታ።

«እንደዚያማ ከሆነ ለቅሶ አይደለም» አለ። «ዚያራ ነው። መኪናው ጌታውን ሊዘይር፣ ሊጎበኝ ነው የሚሄደው። ዚያራ ደግሞ በረካ አለው፤ ለሙሽራም ጥሩ ነው።» ወደ አጥሩ ዞሮ ሴቶቹ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ዚያራ ነው!» ከዚያ ስምረትን ጠየቃት። «ሪባኑን ልፍታው?»

ስምረትን ቀድመው አማቷ መለሱ። «ተወው። ልጄ ዕድሜውን ሙሉ ይቺን መኪና ሳያጥባት ነው የኖረው። አንድ ቀን እንኳ አጊጣ ይያት።»

መንገዱ ባዶ ነበር። ከከተማው ሲወጡ ደረቁ የአሸዋ ወንዝ፣ ከወንዙ ወዲያ ግራሩ፣ ከግራሩ ወዲያ ጋራው እየተከታተለ አለፈ። ዒልሚ ካሴቱ ውስጥ ያለው የሠርግ ዘፈን ሳይታሰብ ሲጀምር ደንግጦ አጠፋው። ኬላው ጋ ሲደርሱ ጠባቂው ገመዱን ከማውረዱ በፊት አንገቱን በመስኮት አስገባ። ጥቁር የለበሰች ሴት ከኋላ፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ አሮጊት ከፊት፣ በሮዝ ሪባን ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ጠባቂው ከሰዎቹ ይልቅ ሪባኑን ማመን መረጠ።

«መልካም ጋብቻ!» አለ።

«አሜን» አሉ ወይዘሮ ማዘንጊያ።

ስምረት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እየሳቀች ነበር፤ በሾፌሩ መስተዋት ላያት ቢያንስ ትከሻዋ እንደዚያ ይመስላል።

ትንሽ እንደሄዱ ወይዘሮ ማዘንጊያ የበሩን ውስጠኛ ክፍል በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ጥሩ ቀለም ቀብቷታል» አሉ።

መኪናዋ ከተሸጠች ከዓመት ከአራት ወር በኋላ ስለ እሷ የተናገሩት ይህንን ነው። ስምረት ብዙ ዓይነት ንግግር ስትጠብቅ ኖራ ነበር፤ ይህ ግን ከመካከላቸው አልነበረም።

«ጥሩ ነው እማማ» አለች።

ሁርሶ የደረሱት ለሦስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀር ነው። ወታደር የጫኑ ሁለት መኪኖች አሳለፏቸው፤ ወታደሮቹ ሪባኑን አይተው አጨበጨቡ። የድሮውን ባቡር ጣቢያ አልፈው፣ ሐዲዱን ተሻግረው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የምትወስደውን አጭር ዳገት ወጡ። ቄሱ ጥላቸውን ዘርግተው በር ላይ ቆመዋል። ዒልሚ ዳገቱ ወገብ ላይ፣ ለወይዘሮ ማዘንጊያ በሚቀርብ ቦታ፣ ቀስ ብሎ አቆመ።

«ድንጋይ!» ያለ ማንም የለም። ስምረት ግን የኋላውን በር ከፍታ ጎንበስ ብላ እጇን ከፊት ወንበር ሥር ሰድዳ ነበር። እጇ ያገኘው ምንጣፍ ነው። ወደ ግራ ዳበሰች፤ ምንጣፍ። ወደ ቀኝ ዳበሰች፤ የወንበሩ ብረት። ከላይዋ ክርርር የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ዒልሚ የእጅ ፍሬኑን ሳበው። መኪናዋ ዳገቱ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምን ጣልሽ አባዮ?» አላት።

«እዚህ ድንጋይ ነበር።»

«የምን ድንጋይ?»

«የጎማ። ጥቁር።»

«እኔ ስገዛት አልነበረም። ከእኔ በፊት ሁለት ሰው ይዟታል፤ አንዱ ጥሎት ይሆናል።» ፍሬኑን በኩራት መታ መታ አደረገው። «ደግሞ ምን ያደርግልሻል? አሠርቼዋለሁ። ድንጋይ ከፈለግሽ ሐዲዱ ጋ ሞልቷል።»

«ምንም አያደርግልኝም» አለች ስምረት፤ እጇን አራግፋ ቀና አለች።

ወይዘሮ ማዘንጊያን በአንድ ክንዳቸው እሷ፣ በሌላው ዒልሚ ይዘው አወረዷቸው። ዳቦዎቹን አንድ ዲያቆን ተቀበለ። ከአባቱ መቃብር ጎን ያለው የበዛብህ መቃብር ጋ ሲደርሱ ወይዘሮ ማዘንጊያ ከዘራቸውን ለስምረት ሰጥተው በሁለት እጃቸው የመቃብሩን ጠርዝ ያዙ፤ ከመኪና እስኪወርዱ ድረስ ያዘገዩትን ሁሉ እዚያ አለቀሱት። ዒልሚ ራቅ ብሎ፣ መዳፎቹን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ የራሱን ጸሎት አደረሰ። የቄሱም ጸሎት በሰዓቱ ተጀምሮ በሰዓቱ አለቀ።

ስምረት ከዘራውን ይዛ ቆማ ወደ ዳገቱ ተመለከተች። መኪናዋ ካቆሟት ቦታ አልተነቃነቀችም። የእጅ ፍሬኑ ይሠራል። መብራቱ ይሠራል። ካሴቱም ይሠራል። ከታች ከሐዲዱ ሥር፣ ከጣቢያው እስከ ዓይን ማብቂያ፣ ጥቁር ድንጋይ ሞልቷል።

ያ ድንጋይ የለም።